ትራሴ አጠገብ የተቀመጠው አፈር

ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ስትሮክ መታኝ። ቀኝ እጄና ቀኝ እግሬ ከዱኝ፤ ምላሴና ግራ ጎኔ ተረፉልኝ። አልሐምዱሊላህ።

ከሆስፒታል ስወጣ እግሬን ሲያለማምደኝ የነበረው ባለሙያ እንዲህ አለኝ፦ «እማማ፣ ከእንግዲህ አሥር እርምጃ ሲሄዱ የጦሳን ተራራ ዳገት የወጡ ያህል ይደክምዎታል። ጤነኛው እግር ለሁለቱም ስለሚሠራ ነው። ድካሙን አይፍሩት፤ አረፍ ብለው እንደገና ይሂዱ። ዝም ብለው ከተኙ ግን የቀረውም ይሄዳል።»

እውነቱን ነበር። ቤታችን ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ነው። ድሮ ሰኞ ገበያ ደርሼ በርበሬ ተሸክሜ ስመለስ እንደዚያ ደክሞኝ አያውቅም፤ አሁን ከአልጋዬ ግቢያችን ውስጥ ያለው ቧንቧ እስክደርስ ልቤ ይመታል። ቢሆንም በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለመታጠብ፣ ዱላዬን ይዤ እሄድ ነበር። ሌላ ሥራ አልቀረልኝም፤ መጥረጊያውንም ወንፊቱንም ቤተሰቦቼ ከእጄ ወስደውብኛል።

ልጄ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። አንድ ቅዳሜ ግድግዳውን ተደግፌ ሳለከልክ አየኝና አለቀሰ። በሳምንቱ ከሐርቡ ንጹሕ አፈር ነፍቶ አመጣና በሳህን ትራሴ አጠገብ አስቀመጠ።

«ምንድን ነው?»

«ለተየሙም ነው፣ እማ። ውሃ ድረስ መልፋት ቀረልሽ። አፈሩን በእጅሽ መታ አድርገሽ ፊትና እጅሽን ታብሻለሽ፤ እዚያው ተቀምጠሽ ትሰግጃለሽ። ዲናችን ገር ነው።»

ፊቱ በርቶ ስላየሁት እሺ አልኩ። ዱላዬን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው። ጎረቤቶቼ እየመጡ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን! ንግሥት ሆንሽ እኮ!» ይሉኛል። ንግሥቲቱ በአራተኛው ቅዳሜ ከአልጋዋ ለመነሳት ሞከረች፤ ጉልበቷ ታጠፈ።

ንዴቴ ያኔ ገነፈለ። የአሱር፣ የከሰዓቱ ሶላት፣ አዛን ከተባለ ቆይቶ ነበር።

«ዱላዬን አውርድ!»

«እማ፣ አፈሩ እኮ አለልሽ...»

«አፈሩ የተፈቀደው ለማይችል ሰው ነው። አልችልም አልኩህ? ማን ጠየቀህ?»

«እንዳትደክሚ ብዬ ነው፣ ወላሂ።»

«ድካሙ የኔ ነው! መልስልኝ!»

አወረደው። በሩ ጋ ስደርስ ቀኝ እግሬ መድረኩን አልሻገር አለ። ተቀመጥኩ። እጁን ዘረጋ። «እንዳትነካኝ!» አልኩት። ተነሳሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ተሻገርኩ። ግን ቧንቧው ሩቅ ነው፤ ጉልበቴ አለቀ።

«በርጩማ አምጣ» አልኩት። «እዚህ፣ መሃል ላይ አስቀምጠው። መጀመሪያም ማምጣት የነበረብህ ይህን ነው።»

አመጣ። አረፍኩና ቀጠልኩ። ውዱእ አድርጌ ስጨርስ ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ አሱሬን ደረስኩባት።

በርጩማው ዛሬም እዚያው ነው። ልጄን አላህ ይጠብቅልኝ፤ ከልቡ ነው ያደረገው። የእነዚያ ሳምንታት ነገር ግን ዛሬም ያናድደኛል። በፊት ቧንቧው ድረስ ሳልቀመጥ እሄድ ነበር።