ሙጫው ከተደባለቀ በኋላ

እህቴ ቀናተኛ ናት። ይህን ከጀርባዋ አላወራም፤ ፊት ለፊቷ ብያታለሁ፣ እሷም "ታዲያ ምን ይጠበስ?" ብላኛለች። ጎረቤት አዲስ መጋረጃ ሲሰቅል ትቀናለች። ደንበኛዋ ሌላ ልብስ ሰፊ ጋ ሄዳ ስትመለስ ትቀናለች። የገዛ ልጆቿ ቀድመው ለአባታቸው ሲደውሉ እንኳ ፊቷ ይቀየራል። ግን እንደዚያች ጀልባ ያንገበገባት ነገር በሕይወቷ የለም።

ጀልባዋ የመጣችው ባሏ ጡረታ በወጣ ሰሞን ነው። ጋሼ ነው የምለው እኔ፤ ዕድሜ ልኩን የጀልባ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ መካኒክ ነው። ወሬ አያበዛም። ቤት ሲገባ የሚያወራው ስለ ቀኑ ሙቀት ነው፣ እሱንም አጠር አድርጎ። እህቴ ሴት ልጆቿን ከዳረችና ቤቱ ጭር ካለ በኋላ አንድ ተስፋ ነበራት፦ ሥራውን ሲያቆም ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፣ እንደ ድሮው ያያታል። ምን ዋጋ አለው፣ ጡረታው ገና ሳይለመድ አንድ ቀን ጠዋት አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ በጭነት መኪና አስጭኖ ከች አለ።

ይሠራበት ከነበረው የጥገና ግቢ አጥር ሥር ተጥላ ሣር የበቀለባት ነበረች። ቀለሟ ተላልጧል፣ የላይኛው ወለሏ ሲረግጡት እንደ ረጠበ ፍራሽ ስርግድ ይላል። ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ልክ እኔና እህቴ በምንሰፋበት ክፍል መስኮት ሥር አስቀመጣት።

"ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሃት?" አለችው እህቴ።

"ሊቆራርጧት ነበር" አለ። "አሳዘነችኝ።"

ነገሩን ያበላሸው "አሳዘነችኝ" ማለቱ ነው። እህቴ አብራው በኖረችበት ዘመን ሁሉ ይህች ቃል ለእሷ ስትውል ሰምታ አታውቅም። እኔም አፌ አያርፍ፣ "እንግዲህ እትዬ፣ በስተርጅና ጣውንት መጣብሽ" አልኳት። ለቀልድ ነበር። ቀልዱ ግን ሰፈሩን አዳረሰው። ሱቅ ስንሄድ "ጣውንትሽ እንዴት አደረች?" የሚሏት በዙ። ጋሼንም ጫማው ውኃ ሳይነካው "ካፒቴኑ" ይሉት ጀመር። እሱ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

የበሰበሰ ወለል እንዴት እንደሚመረመር ያወቅሁት ያኔ ነው። ወለሉ ከላይና ከታች ጠንካራ የፋይበር ሽፋን አለው፣ መሃሉ ኮምፔንሳቶ ነው። ውኃ በአንዲት የላላች ብሎን ቀዳዳ ሾልኮ ይገባና ውስጥ ለውስጥ እንጨቱን ይበላዋል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ምንም የሆነ አይመስልም። ስለዚህ ጋሼ ይንበረከክና በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ፣ ጆሮውን ደቅኖ፣ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ በስብሷል፤ በጠመኔ ያከብበዋል። ጠመኔውም የእህቴ የልብስ ጠመኔ ነው፤ ማን አስፈቅዶ።

እህቴ መስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪናዋ ቀና ትልና ታየዋለች። "አየሽልኝ? እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተጣርቼ 'እህ?' ነው የሚለኝ። እሷ እኮ አፍ የላትም! አፍ ለሌላት ጆሮውን ይደቅናል።"

እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ዘርፍ እቀመቅማለሁ፤ የእህቴን ነገር ሁሉ የምሰማው እኔ ነኝ። ሌላ ማንም የማያውቀውን አንድ ነገርም አውቅ ነበር። የእህቴ ቀኝ እጅ እየከዳት ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሦስቱ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። ስፒል ስትይዝ መያዟን አታውቅም፣ ብርጭቆ ከእጇ ይወድቃል። ሐኪም ቤት ይዣት ሄጄ የእጅ አንጓዋ ላይ ነርቭ እንደታፈነ፣ ካላሳረፈችውና ካልታከመችው ጨርሶ ሊደነዝዝ እንደሚችል ነግረዋታል። እጇ ማለት እንጀራዋ ነው። ስንወጣ በር ላይ ያዘችኝ።

"ለእሱ ትንፍሽ ብትዪ እኔና አንቺ ተቆራረጥን።"

"ባልሽ አይደለም እንዴ?"

"ባሌ ከሆነ ዓይን አለው። እጄን ራሱ ያያል። ካላየ ግን..." አለችና ተወችው። ያልጨረሰችውን ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። ሕክምናውንም ቀጠሮውንም እሱ እስኪያይላት አቆየችው። ሞኝነት ነው በሉኝ፤ እኔም ብያታለሁ። ሰው ግን አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ጠይቆ ካገኘው ነገር ሳይጠይቅ የሚያገኘው ይበልጥበታል።

ጋሼ በበኩሉ ሥራውን ተያያዘው። የላይኛውን ሽፋን በማሽን ቆርጦ ገልብጦ፣ የበሰበሰውን እንጨት እንደ ረጠበ ትምባሆ በእፍኙ እየዛቀ አወጣው። ግቢው ሸተተ። ዝናብ ሲያስፈራራ ወደ ስፌት ክፍሉ ብቅ አለ፤ እዚያ ክፍል ከገባ ስንት ጊዜው።

"ሸራ ስፊላት እስኪ። ልብሷን ካላገኘች ዝናቡ ይጨርሳታል።"

እህቴ ሸራውን ሰፋችለት። ለምን እንደሰፋችለት አትጠይቁኝ። በዚያ በደነዘዘ እጅ ወፍራም ሸራ እየገፋች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ "ለጣውንቴ ቀሚስ ሰፋሁ፣ ሰው ይስማልኝ" እያለች ጨረሰችው። ጋሼ ሸራውን አለበሳትና ዙሪያዋን ዞረ። ስፌቱን በጣቱ ዳበሰ።

"ጥሩ ነው" አለ። "እዚህ እዚህ ጋ ግን ትንሽ ይዘላል።"

እህቴ ፊቷን አዞረች። ገብታ መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና መርፌውን ስታየው ቆየች። ስፌት ዘሎባት የማያውቅ ሴት ለምን ዘለለባት ብሎ አለመጠየቁ አንጀቷን አሳረራት። የኔም አረረ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ በዓይኗ አፈጠጠችብኝና ዘጋሁት።

ከዚያ የሙጫው ጊዜ መጣ። አዲሱ ኮምፔንሳቶ ላይ የፋይበር ጨርቅ ተዘርግቶ ሙጫ ይጠጣል፤ ያ ሲደርቅ ነው ድንጋይ የሚሆነው። ሙጫው ለብቻው ሲሆን ታጋሽ ነው። ማጠንከሪያው ከተጨመረበት ግን ዘመድ አያውቅም፤ ወዲያው መቀባት አለበት፣ አለዚያ ጣሳው ውስጥ እንዳለ ግሎ፣ ጨሶ፣ ደርቆ ይቀራል። ጋሼ ይህን ሕግ ለሁላችንም አውጇል። "ሙጫ ከተደባለቀ በኋላ እንዳትጠሩኝ። ሞት ቢመጣ እንኳ ቆይ በሉት።" የምሩን ነበር። ትልቋ ልጁ ከሩቅ አገር ደውላ እህቴ በመስኮት "ልጅህ ናት!" ብትለው ጀርባውን እንኳ አላዞረም። "ደባልቄያለሁ!" አለ፣ አበቃ። እህቴ ስልኩን ይዛ፣ "አባትሽ ከሚስቱ ጋር ነው፣ ኋላ ደውዪ" አለቻት።

አሁን ስለ መቀሱ ልንገራችሁ። እህቴ መቀሷን የወረሰችው ሙያውን ካስተማረቻት ሴት ነው። ትልቅ፣ ከባድ፣ ጥቁር እጀታ ያለው የጨርቅ መቀስ ነው፤ ለብቻው ምስማር ላይ ይሰቀላል። በእሱ ወረቀት አይቆረጥም፣ ክር አይበጠስም፣ ለጎረቤት በውሰት አይሰጥም። ልጆቿ ትንንሽ ሆነው አንዷ ካርቶን ቆርጣበት የደረሰባትን እስከ ዛሬ ታወራዋለች። እጇ ከከዳት ወዲህ ደግሞ እህቴ ሰው ሳያያት በግራዋ መቁረጥ ተለማምዳ ነበር። መቀሱ ለቀኝ እጅ የተሠራ ሆኖ ግራ እጇን ስለሚልጠው የአውራ ጣቱን ቀለበት በቁራጭ ከፋይ ጠቅልላዋለች። እኔ ጀርባዬን ስሰጥ ነው የምትቆርጠው፤ ከኔም ታፍር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ገበርና ዚፕ ልንገዛ ወጥተን ስንመለስ ምስማሩ ባዶ ነው።

እህቴ ምስማሩን አየች፣ መስኮቱን አየች። ጋሼ ጀልባዋ ላይ ተንበርክኳል፤ ጓንት አጥልቋል፣ ሙጫው በጣሳ ተደባልቋል፣ ብሩሹ ውስጡ ቆሟል። አጠገቡ በልክ የተቆረጠ የፋይበር ጨርቅ ተዘርግቷል። ከጨርቁ ጎን ያ መቀስ ተጋድሟል። የፋይበር ጨርቅ የመስታወት ክር እኮ ነው፤ የመቀስ ስለት ይበላል። የራሱ መቀስ ደንዞበት፣ አንዴ ብቻ ብሎ የእሷን አንሥቷል።

እህቴ እሳት ጎርሳ ወጣች። እኔ መስኮቱ ላይ ቀረሁ።

"መቀሴን?" አለች። "መቀሴን ሰጠሃት?"

"ደባልቄያለሁ፣ ቆይ..."

"አልቆይም! ጠመኔዬን ወሰደች፣ ዝም አልኩ። ቀሚስ ስፊላት አልከኝ፣ ሰፋሁ። ጡረታህን በሙሉ ወሰደችብኝ፣ ጆሮህን ወሰደች፣ ዝም አልኩ። ከዚህ ቤት ለኔ ብቻ የሆነ ነገር ቢኖር እሱ ነው። እሱን አንሥተህ ለዚች ብስባሽ!"

ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ጋሼ እንደምንም ሊገላገላት መቀሱን አንሥቶ "እንኪ፣ ኋላ እስልልሻለሁ" ብሎ እጁን ዘረጋ። ዘርግቶም ቆመ። መቀሱን መልሶ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። የዕቃ ሰው ነውና፣ ዕቃ ሲበላሽ የት ጋ እንደተበላሸ ያያል። ጓንቱን አወለቀና ከፋዩን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። በቀኙ ያዘው፣ በግራው ያዘው፣ ክፍት ክድን አደረገው።

"ይሄን ማነው የጠቀለለው?"

"እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?"

"ከፋዩ ያለቀው በማዶኛው በኩል ነው" አለ። ድምፁ ዝግ ብሏል። "እዚህ ጋ የሚገፋው ግራ እጅ ነው። በግራሽ ነው የምትቆርጪው? ከመቼ ወዲህ?"

ይህን ነበር ስትጠብቅ የከረመችው። አሁን ትለሰልሳለች አልኩ። የእህቴን ነገር እያወቅሁ!

"መቀሱን አየህ!" ብላ ጮኸች። "እኔን ግን አላየኸኝም! ፊትህ ብርጭቆ ሲወድቅብኝ ነበር። ስፌትሽ ይዘላል ስትለኝ ነበር። ስንት ወር ሙሉ አብሬህ በላሁ! መቀስ ነግሮህ ነው ያወቅኸው። ዕቃ ካልሆንኩ አልታይህም ማለት ነው?" አለች። በመቀስ እንኳ ቀናች፣ ትሰሙኛላችሁ?

"እውነትሽን ነው" አለ ጋሼ። ከጀልባዋ ወረደ። ጀልባዋ የተደገፈችበት ግንድ ላይ ተቀመጠና፣ "አምጪ እጅሽን" አላት።

"አላመጣም።" እጇን ከጀርባዋ ደበቀች፣ እንደ ልጅ።

"አምጪ በናትሽ።"

ቆይታ ሰጠችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ጫፋቸውን ይጫን ጀመር፣ በቀስታ። አንገቱን ደፍቷል፣ ጆሮውን ደቅኗል፣ ትንፋሹን ውጧል፤ ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ።

"ይሄ ይሰማሻል?"

"አይሰማኝም።"

"ይሄስ?"

"ትንሽ።"

ከላይ ጣሳው መጨስ ጀመረ። ሽታው እኔ ዘንድ ደረሰ። ያን ሁሉ ጨርቅ በልክ ቆርጦ፣ ያን ሁሉ ሙጫ ደባልቆ! አላስቻለኝም፣ በመስኮት ጮኽኩ።

"ጋሼ! ሙጫው! ሙጫው ሊደርቅ ነው!"

"ይድረቅ" አለ። ቀና እንኳ አላለም። "ይሄኛውስ? እዚህ ጋ ይሰማሻል?"

እህቴ እያለቀሰች ነበር።

እጇ ታከመ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም ስፒል ይይዛል። ጀልባዋም ሌላ ሙጫ ተበጥብጦላት፣ ወለሏ ጠንክሮ፣ ውኃ ላይ ወጣች። እህቴ ዛሬም አትወዳትም፤ ስትሳፈርባት ከንፈሯን ጥላ ነው። ያ ጣሳ ውስጥ የደረቀው ሙጫ ግን፣ ብሩሹ መሃሉ እንደቆመ፣ የስፌት ጠረጴዛችን ላይ ነው ያለው። ጨርቅ ስትቆርጥ እንዳይሸሽባት ትጭንበታለች። ጋሼ ብዙ ጊዜ "ይሄን ኮተት ልጣልልሽ" ይላታል፤ ማን አስነክቶት። ደንበኞች ምንድነው ብለው ሲጠይቋት መቀሷን ታስቀምጥና በመስኮቱ ወደ ጀልባዋ እያየች፣ እንድትሰማት የፈለገች ይመስል ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

"ለእሷ የተበጠበጠ ነበር" ትላለች። "እኔ ወሰድኩባት።"