ውሃ ውስጥ ይሉኝታ የለም

ዛሬም ቢሆን እርጥብ የጎማ ልብስ ከክሎሪን ጋር ተደባልቆ ሲሸተኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ደስ ይለኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ግን ቆሜ ደግሜ እስበዋለሁ፣ ምክንያቱም ያ ሽታ ሂሊያርድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ በጎማ ቤትና በእቃ ማከማቻ መሀል ተሸጉጦ የነበረውን የመጥለቂያ ማዕከል፣ የአባቴን ሰማያዊ ቱታና የእናቴን ጩኸት አንድ ላይ ይዞልኝ ይመጣል።

ማዕከሉ ሰዎች የአየር ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው ውሃ ስር መጥለቅን የሚማሩበት ቤት ነበር። ባሕር በአጠገቡ በማያልፍበት በኦሃዮ መሀል እንዲህ ያለ ቤት መክፈት ለብዙ ሰው እብደት ይመስላል። ባለቤቱ ሚስተር ያኒ ግን ከሜዲትራኒያን ባሕር፣ ከአንዲት ትንሽ የግሪክ ደሴት የመጣ፣ ፂሙ የሸበተ፣ ሲያመሰግንም ሲቆጣም ድምፁ አንድ የሆነ ሰውዬ ነበርና፣ የመጋዘኑን ግድግዳ ነጭና ሰማያዊ ቀብቶ፣ የአገሩን ጀልባዎች ፎቶ ከዳር እስከ ዳር ሰቅሎ፣ በሩ ላይ «ሜዲትራኒያን» ብሎ ጽፎበት ነበር። እኔም ጂኦግራፊ እስክማር ድረስ ሜዲትራኒያን ማለት ሂሊያርድ ውስጥ ያለ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ገንዳው ሰፊ የሆነ መጋዘን ይመስለኝ ነበር።

አባቴ አበራ በዲቪ ከመጣን ጀምሮ ሲለፋበት የኖረውን፣ ዌርሃውስ የሚሉትን የዕቃ መጋዘን ሥራ ትቶ እዚያ የተቀጠረው በረዶው ደጃፋችንን በዘጋበት ወቅት ነበር። ሥራው ሲሊንደሮቹን በአየር መሙላትና ከገንዳ የወጡትን ልብሶች በንጹህ ውሃ አለቅልቆ መስቀል ነበር። እናቴ አስቴር ዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ውስጥ እስከ ማታ ስለምትሠራ፣ እኔ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ወደ ማዕከሉ እሮጥና፣ የአየር መሙያው ሞተር እያጓራ፣ ባንኮኒው ላይ ደብተሬን ዘርግቼ፣ የሚስተር ያኒን የወይራ ፍሬ እየቆረጠምኩ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር፣ ወይም የምሠራ እመስል ነበር። ዓይኔማ ገንዳው ላይ ነበር። ውጭው በረዶ፣ ውስጡ እንፋሎት፤ ተማሪዎቹ ሲገቡ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ቃል ሳይተነፍሱ ይገቡና፣ ሲወጡ እንደ ሰርገኛ እየጮሁ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እያወሩ ይወጡ ነበር። ከውሃው ስር ምን ቢያዩ ነው እንዲህ የሚሆኑት እያልኩ እቃጠል ነበር።

ለምኜ፣ አልቅሼ፣ አኩርፌ፣ በመጨረሻ ሚስተር ያኒ ራሱ አስተማረኝ። ውሃ ስር የተነፈስኩትን የመጀመሪያ ትንፋሽ አልረሳውም። ሰውነቴ «አትተንፍሺ፣ ትሞቻለሽ!» እያለ ሲጮህ፣ እኔ ግን ሳብ አደረግኩት፤ አየሩ መጣ፤ ደረቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ጣፋጭ አየር፤ ከዚያም አረፋዬ እየተንጣጣ ሽቅብ ሲወጣ ሰምቼ በአፌ መተንፈሻውን እንደነከስኩ ሳቅሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በእግሬ መሄድ ራሱ ይሰለቸኝ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ የተተወ፣ አሁን ውሃ የሞላው ትልቅ ጉድጓድ አለ፤ ጠላቂዎቹ በሙቀቱ ወራት እዚያ ይሄዱ ነበር፤ ታችኛው ወለሉ ላይ ደግሞ ለጠላቂዎች መዝናኛ ተብሎ እንዲሰምጥ የተደረገ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነበር። እኔ በየጠዋቱ እያዛጋሁ የምሳፈረው ዓይነት አውቶቡስ፣ ዓሣ የሚመላለስበት! ሚስተር ያኒ ግን የማይጣስ ደንብ ነበረው፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው የመጥለቅ ፈተናውን ካለፈ ወላጅ ጋር ብቻ ነው። አባቴ በልጅነቱ ጆሮውን ታሞ ታምቡሩ ስለተጎዳ ሐኪም እንዳይጠልቅ ከልክሎታል። የቀረችው እናቴ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ዋና ቀርቶ ገንዳው ዳር መቆም ይጨንቃት ነበር።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትለኝ ነበር፣ ስለ ጉድጓዱ ባነሳሁ ቁጥር።

እኔ «በት ማሚ፣ ኢትስ ሴፍ!» እላታለሁ፣ አደጋ የለውም ማለቴ ነው፤ እሷ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። እንግሊዝኛዬ እንደማያዋጣ የገባኝ አንድ ማታ ነው፤ ልትወስደኝ መጥታ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥን፣ ያለኝን አማርኛ ሁሉ አሟጥጬ፣ አየሩ እንዴት እንደሚጣፍጥ፣ ሰውነት ክብደቱን ጥሎ እንዴት እንደሚንሳፈፍ ነገርኳትና፣ እንግዳ ሲጋበዝ የሰማሁትን ቃል ጨምሬ፣ «በሞቴ፣ ማሚዬ፣ አብረሽኝ ግቢ» አልኳት። «ልጅ በሞቴ አይልም!» ብላ ደነገጠች። ከዚያ መኪናውን አስነሳችና፣ «እሺ። አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። ካልሆነልኝ ግን ዳግም እንዳታነሺብኝ» አለችኝ።

ጸደዩ እናቴን ዋና በማስተማር አለፈ። የዋና ልብስ እንደማትለብስ በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ተናግራ ነበር፤ ሚስተር ያኒ ከእግር ጥፍር እስከ አንገት የሚሸፍነውን ጥቁር የጎማ ልብስ ሲያመጣላት ግን፣ «ታዲያ ይኼ የጨዋ ልብስ እያለ ምን አስጨነቃችሁኝ?» ብላ ተቀበለችው። ማልበሱ ግን ሌላ ጣጣ ነበር፤ እኔ በአንድ እጅጌ፣ አባቴ በሌላው እየጎተትን፣ እሷ እየጮኸች፣ ሦስታችንም እየሳቅን ወለሉ ላይ እንወድቅ ነበር። በጾሙ ሰሞን ምንም ሳትቀምስ መጥታ፣ የገንዳውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ፣ እግሯን እያንቦጫረቀች ትለማመድ ነበር።

«አይዞሽ አስቱ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል አባቴ ከዳር ቆሞ።

«አንተ እንቁላልህን ተወውና ፎጣዬን አምጣ!»

ይሁንና አንድ ቀን ጠርዙን ለቀቀች። ከዳር እስከ ዳር፣ አንገቷን እንደ ዳክዬ ቀና አድርጋ፣ ማንንም ሳታይ ዋኘች፤ እኔና አባቴ ተቃቅፈን ጨፈርን፤ ሚስተር ያኒም በዚያው በቁጣ ድምፁ «ብራቮ!» ብሎ አንቧረቀ።

ሙቀቱ ሲገባ እናቴ ውሃ ስር መተንፈስን ከእኔ በላይ ወደደችው፤ ስልክ የለ፣ የምግብ ቤቱ አለቃ የለ፣ «ማሚ! ማሚ!» የሚል የለ። ፈተናውን ለማለፍ የቀረን አንድ ልምምድ ነበር። አየር ያለቀበት ሰው እጁን በጉሮሮው ላይ ወደ ጎን ያንቀሳቅሳል፤ ጓደኛው ደረቱ ላይ ያንጠለጠለውን ቢጫ መጠባበቂያ መተንፈሻ ያቀብለዋል፤ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከአንድ ሲሊንደር እየተነፈሱ ይወጣሉ። በየተራ መስጠትም መቀበልም ነበረብን። መጀመሪያ እኔ አየር አለቀብኝ አልኩ፤ እናቴ ቢጫውን ትታ የራሷን ከአፏ አውጥታ አጎረሰችኝ። ሚስተር ያኒ ወደ ላይ አወጣንና፣ ሰው ሲረዱ የራስን መተንፈሻ መስጠት እንደማይገባ ጮኾ አስረዳት።

«የተረፈውን ለልጄ? እንዴት ተደርጎ!» አለች በአማርኛ፤ አባቴ አልተረጎመውም።

ተራው የእሷ ሲሆን ነገሩ ባሰ። አየር እንዳለቀባት ምልክት ሰጠች፤ ቢጫውን ዘረጋሁላት፤ እሷ ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በትህትና ወደ እኔ መለሰችው። ደግሜ ዘረጋሁ፤ አሁንም «አንቺ» ብላ በእጇ ገፋችው። ለሦስተኛ ጊዜ ልዘረጋ ስል ትንፋሿ አልቆ እየሳለች ወደ ላይ ተወነጨፈች። በሌላው ቀንም እንዲሁ ሆነ። ልጇ ፊት፣ ልጇ ከያዘችው፣ በመጀመሪያ ግብዣ መቀበል እጇ ፈጽሞ እምቢ ይላት ነበር። አባቴ ገንዳው ዳር ቁጢጥ ብሎ እንባው እስኪፈስ ከሳቀ በኋላ፣ እኛ ዘንድ ሰው ሲጋበዝ ቶሎ እሺ እንደማይል፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን ተብሎ እስኪለመን እንደሚጠብቅ ለሚስተር ያኒ አስረዳው። ሰውዬው ፂሙን እየጠመዘዘ አዳመጠና፣ «እኛም መንደር እንዲሁ ነው። ውሃ ውስጥ ግን ሁለተኛ ግብዣ የለም» አለ።

አባቴ ይህን «ውሃ ውስጥ ይሉኝታ የለም» ብሎ ተረጎመውና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን መፈክር ሆነ። ገበታ ላይ እኔና እሱ ድንገት የሆነ ነገር እንዘረጋላታለን፤ እሷ ወዲያው መቀበል አለባት። መጀመሪያ ላይ ሁሉን ትመልስብን ነበር፤ ቆይታ ለመደችው፤ ከመጠን በላይም ለመደችው። አንድ እሁድ ክሊንተንቪል ሰፈር የክርስትና ድግስ ተጠርተን ሄድን፤ የቤቱ እመቤት ሳህን ይዛ «እትዬ አስቴር፣ ትንሽ ልጨምርልዎት?» ማለት ስትጀምር፣ እናቴ ቃሏን ሳታስጨርሳት «እሺ!» ብላ ሳህኑን ላፍ አደረገችው። ሴትየዋ እጇ ባዶ ቀርቶ ቆመች። አጠገባችን ያሉት ሴቶች ተያዩ፤ አንዷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ አባቴን «ደህና ናት ግን?» አለችው። እኔ ሳቄን ለማፈን ጠረጴዛው ስር ገባሁ።

«ሰው ፊት ሆዳም አደረጋችሁኝ!» እያለች እስከ ቤታችን ተቆጣችን። «ከእንግዲህ በቃኝ! ፈተናውን የምሞክረው አንዴ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱንም ዓሣውንም እንዳታነሱብኝ!»

ያ አንዴ፣ ሚስተር ያኒ ከእኔ ጋር እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ሊፈትናት የፈቀደበት ቀን፣ የወደቀው ቅጠሉ ቀልቶ መርገፍ ከጀመረ በኋላ፣ ጉድጓዱ ለብርዱ ወራት ሊዘጋ ሲል በመጨረሻው ቅዳሜ ነበር። ውሃው አረንጓዴና ቀዝቃዛ ነበር፤ ከጭምብሉ ጠርዝ ሾልኮ ግንባሬን ሲነካኝ ይቆጠቁጥ ነበር። አባቴ ብርድ ልብስ ታቅፎ ዳር ቀረ። እኔ፣ እናቴና ሚስተር ያኒ ገመዱን ተከትለን ወርደን፣ ውሃው ስር በተሠራ የብረት መድረክ ላይ ተንበረከክን። ከመድረኩ ባሻገር አንድ ትልቅ ነገር ደብዘዝ ብሎ ይታየኛል፤ አውቶቡሱ ነው! ሚስተር ያኒ ወደ እናቴ ጠቆመ። እናቴ የራሷን መተንፈሻ ከአፏ አወጣች፤ እጇንም በጉሮሮዋ ላይ አንቀሳቀሰች። ቢጫውን ዘረጋሁላት።

እጇ ወደ ደረቷ ሄደ። አየሁት፤ ያ የታወቀው እጅ፣ በመንገዱ ላይ ነበር። በቃ፣ አለቀልን አልኩ በሆዴ፤ አውቶቡሱም ሄደ፣ ሁሉም ሄደ። ከጭምብሏ መስታወት ጀርባ ዓይኖቿ ዓይኔ ላይ ተተክለው ነበር፤ ከዚያ ያ እጅ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ዞረ፤ ቢጫውን ከእጄ ነጥቆ አፏ ውስጥ ከተተው። የአረፋ ጎርፍ ፊቴን ሸፈነው። ክንዴን አጥብቃ ይዛኝ ነበር፤ እኔም ክንዷን፤ ከአንድ ሲሊንደር፣ ከጀርባዬ ካለው፣ እኔ ስተነፍስ እሷም ትተነፍስ ነበር። እንዴት ወደድኳት ያን ጊዜ!

ሚስተር ያኒ እጁን ዘርግቶ ጨበጣት፤ ከዚያም መንገዱን በጣቱ አሳየን። እጅ ለእጅ ተያይዘን ዋኘን፤ ከዚያ ጭጋግ ውስጥ መጀመሪያ ቢጫው፣ ቀጥሎ መስኮቶቹ፣ ቀጥሎ የተከፈተው የፊት በር ብቅ አለ። በበሩ አጮልቀን ስናይ፣ ሹፌሩ ወንበር ላይ አንድ ወፍራም ዓሣ ከነኩራቱ ተቀምጦ አገኘነው። እናቴ በጎኔ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ብርድ መስሎኝ ዞር ስል እየሳቀች ነው፤ አረፋዋ ይንፎለፎላል። ወደ ላይ እንደወጣን ጭምብሏን እንኳ ሳታወልቅ፣ «አበራ! ሰጠችኝ! ተቀበልኳት! በመጀመሪያው!» ብላ የድንጋዩ ግድግዳ እስኪያስተጋባ ጮኸች፤ አባቴም ብርድ ልብሱን ሽቅብ ወርውሮ ውሃ ውስጥ ጣለው።

ሚስተር ያኒ አርጅቶ ወደ ደሴቱ ተመልሷል፤ ማዕከሉ ባለበት ቦታ ዛሬ ምንጣፍ ይሸጣል። እኔ ሥራ ይዣለሁ፤ ለእናቴም በየምክንያቱ ነገር እገዛላታለሁ። ዘንድሮ የገዛሁላትን ካፖርት ከአዲስ አበባ በተላከ ፎቶ ላይ አክስቴ ለብሳው አየሁት፤ የሰጠኋት ጫማ ምግብ ቤቱ ውስጥ አብራት የምትሠራ ሴት እግር ላይ ነው፤ ስጠይቃት «ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ አንቺ አለሽልኝ» ትለኛለች። ከሰጠኋት ሁሉ ለማንም ሳታሳልፍ፣ ለእኔም ሳትመልስ፣ ራሷ ብቻዋን የወሰደችው ያን ቅዳሜ የተነፈሰችውን አየር ነው።