በራሴ ክንድ የሞከርኩት ቅቤ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ የምታጠናው ልጄ ለእረፍት ደባርቅ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችብኝ። ምስሉ ላይ፣ ትንሽ የመስታወት ሳህን ውስጥ ስልባቦት የመሰለ ስስ ነገር ተኝቷል።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደገ የሰው ቆዳ ነው» አለችኝ። «የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይቀቡትና ኃይለኛ ብርሃን ያበሩበታል። ክሬሙ የማይረባ ከሆነ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ሰው አይቃጠልም።»

«የምን ዓይነት ሰው ቆዳ?» አልኳት።

«የፈለጉትን ነዋ። የጠቆረም የነጣም ያሳድጋሉ። ምነው ጠየቅከኝ?»

ሻዬን አነሳሁ።

በሃያ ዓመቴ ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ቡይት ራስ ድረስ ቱሪስት እየመራሁ የምወጣ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ጎረምሳ ነበርኩ። ታናሽ እህቴ እታገኝ አልቢኖ ናት፤ የተወለደችው ያለ ቆዳ ቀለም ነው። ቀኑን ቤት ውስጥ ስትፈትል ውላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻ ብቅ ትላለች። ያን ዓመት ጥር ላይ የልብ ጓደኛዋ ዳባት ልታገባ ሆነና፣ እታገኝ ሚዜ ካልሆንኩ ብላ ድርቅ አለች።

የእህቴን ነገር ያጫወትኳት አንዲት ቱሪስት ትንሽ የፀሐይ ክሬም ሰጥታኝ ነበር። ግን ካለቀ ከየት ይመጣል? በእኛ አገር ደግሞ ፀሐይና ንፋስ ሲበረታ ፊትን ቅቤ መቀባት የቆየ ነው። እንግዲያው ልፈትን አልኩ። ቀኝ ክንዴን ክሬም፣ ግራውን ለጋ ቅቤ ቀባሁና እጅጌዬን ሰብስቤ ቡይት ራስ ድረስ ወጣሁ። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ተራቁቷል፤ ቅቤ የነካው ክንዴ ላይ አቧራው ሲለጠፍ፣ ዝንቡ ሲርመሰመስ ቱሪስቶቹ ሳቁብኝ። ሲመሽ ሁለቱን ክንዶቼን አስተያየኋቸው። ምንም ልዩነት የለም። ደስ አለኝ! ክሬሙን ለክፉ ቀን ብዬ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

«ቅቤው ይበቃሻል» አልኳት እታገኝን። «በራሴ ክንድ ሞክሬዋለሁ።»

አመነችኝ። ዳባት ላይ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ፊቷ በቅቤ እያብለጨለጨ፣ ከዳሱ ውጭ በቀትር እስክስታ ስትወርድ አየኋት። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በማግስቱ ፊቷ ውሃ ቋጠረ፤ ዓይኖቿ አብጠው ተደፈኑ።

«ቅቤማ እኔስ መች አጣሁት ልጄ» አለችኝ እናቴ። «ፀሐይ ላይ ግን አውጥቻት አላውቅም።»

የእኔ ጥቁር ክንድ ምንም ባልቀባውም አይቃጠልም ነበር። ይህ እንዴት እንዳልታየኝ አሁንም ሳስበው አፍራለሁ። እታገኝ ጉንጯ ላይ ጠባሳው ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ቀን ሠርግ ሄዳ አታውቅም።

ልጄ ያን ምስል ባሳየችኝ ማግስት እታገኝ ቤት ሄድኩ። ስለ ቆዳው አጫወትኳት። ይህን ሁሉ ዓመት የደበቅኳትን፣ ሳጥኔ ውስጥ ስለቀረው ክሬምም ነገርኳት።

«ያ ቆዳ ሲቃጠል አያመውም?» አለችኝ።

«አያመውም።»

«ደግ ነው» አለች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ክንዷን አየት አደረገችው። «ወንድም ዓለም፣ ያኔ ብትጠይቀኝ ኖሮ እኮ ለመሞከሪያ ጥፍር የምታህል ቦታ አልከለክልህም ነበር።»

ስለ ገዛ ገላዋ እሷን መጠየቅ ለካ አንዴም አልመጣልኝም ነበር።