የአባቴ አውራ ጣት

ባለፈው ቅዳሜ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ያለውን የወላጆቼን ቤት ዕቃ ስናሽግ ከእማዬ ቁም ሣጥን ጀርባ አንድ ትልቅ ቡናማ ፖስታ ወጣ። ሁለቱም አርጅተው እኔ ጋ ሊገቡ ነው። ፖስታው ውስጥ የራጅ ፊልም ነበር። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ብርሃን ሳሳየው የገዛ እግሬ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት እንደነበረው፣ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አምስት ቀጫጭን አጥንቶች፣ አንዷ ለሁለት የተከፈለች። ያ የአባዬ የካምፎር ዘይት ሽታ እስከ ዛሬ ከወረቀቱ አልለቀቀም። በስመአብ! አልጋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አልኩ።

አባዬ ከሳሎን "ምን አገኘሽ?" አለኝ።

"ምንም፣ አሮጌ ወረቀት ነው" አልኩት። አያችሁልኝ? ዛሬም ስለዚያ እግር ስጠየቅ አፌ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ውሸት ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አባቴ አዲስ አበባ ሳለ የአንድ እግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ነበር። ናይሮቢ ከገባን በኋላ መሃል ከተማ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ፣ ሙያውን ግን አልተወም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የኛ ሳሎን ክሊኒክ ይሆናል። ትከሻው የወለቀ ሾፌር፣ ደረጃ ላይ የተንሸራተተች ሴትዮ፣ አንገቱ አልዞር ያለው ነጋዴ ሶፋው ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። አባዬ እጅጌውን ይሰበስብና የሰሊጥ ዘይት ከካምፎር ጋር የተቀላቀለበትን ጠርሙስ ይንጠዋል። "የት ጋ ነው የሚያምህ?" ብሎ አይጠይቅም። አውራ ጣቱን ቆዳው ላይ ቀስ አድርጎ ያንሸራትትና "እዚህ ጋ ነው" ይላል። በሽተኛው "ኧረ እዚያው ጋ ነው፣ ጋሼ!" ብሎ ይጮኻል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አሥራ አምስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ያ አውራ ጣት የማያውቀው ሕመም በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

እኔ ደግሞ ሯጭ ነበርኩ። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ቀይ አፈር ስለነበር ካልሲዬ አንድ ቀንም ነጭ ሆኖ ቤት ገብቶ አያውቅም። ከላያችን ትንንሽ አውሮፕላኖች እያጓሩ ያርፋሉ፣ ዳር የቆሙት ልጆች "ኢትዮጵያ! ኢትዮጵያ!" እያሉ ግማሹ ያበረታታኛል፣ ግማሹ ይቀልድብኛል። አሰልጣኛችን ረጅም፣ ዝምተኛ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ሁላችንም ምዋሊሙ፣ "አስተማሪ" ነበር የምንለው። አንድ ቀን ሰብስቦን ለናይሮቢ ትምህርት ቤቶች ቡድን የሦስት ሺህ ሜትር ማጣሪያ ከአምስት ሳምንት በኋላ እንደሚደረግ ነገረን። አራት ልጅ ያልፋል። እኔ ከሁሉ አምስተኛ ነበርኩ። አምስተኛ! ከዚህ የበለጠ የሚያንገበግብ ቁጥር አለ?

ምዋሊሙ በሳምንት ሦስት ቀን ዕረፉ ይል ነበር። እኔ ምን በወጣኝ! በዕረፍቱ ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ እማዬ ሳትነቃ ወጥቼ ሰፈራችንን በአስፋልት እዞራለሁ። ጫማዬ ሶሉ አልቆ ጠጠሩ ሁሉ ይሰማኛል። ሳምንት ሳይሞላ የቀኝ እግሬ ላይ፣ ከጣቶቼ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ነጥብ ማመም ጀመረች። በአንድ ጣት የምትሸፈን ነጥብ። ስሮጥ ትቆረጥመኛለች፣ ስቀመጥ ትተወኛለች። መጀመሪያ ሮጬ ስጨርስ ብቻ ነበር የምታመኝ፤ ቆይቶ ገና ስነሳ፤ በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ ስወርድም እንባዬ ይመጣ ጀመር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እማዬ ቀድሞውኑ ሩጫውን አትወደውም ነበርና "እግሬን አመመኝ ያልሽ ዕለት ያ ጫማ ቆሻሻ ገንዳ ይገባል" ብላኛለች። የተናገረችውን ደግሞ ታደርጋለች።

ማጣሪያው ሳምንት ሲቀረው ግን ማነከሴን መደበቅ አቃተኝ። እሁድ ጠዋት አባዬ አየኝ።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ከማታቱ ስወርድ ወለም አለኝ፣ አባዬ" አልኩት። ማታቱ የሚባሉት የከተማው ሚኒባሶች ሁሉ ቢጫ መስመር ተቀብተው ቀበቶ የገባላቸው ሰሞን ነበር፤ ረዳቶቹ ግን እንደ ድሯቸው ተሳፋሪ ሳይወርድ "ትዌንዴ!"፣ "እንሂድ!" ብለው ያስነሳሉ። ስለዚህ ውሸቴ ውሸት አይመስልም ነበር። ወለምታ ደግሞ የአባዬ ሙያ ነው። ደረጃ ላይ እንደተንሸራተተችው ሴትዮ ሁለት ደቂቃ አሽቶኝ እድናለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ።

ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። "ዛሬ ደግሞ የገዛ ልጄ ናት" አለ አባዬ እየሳቀ፣ "ለእሷ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።" ሰውም ሳቀ። ዘይቱን አፍስሶ ቁርጭምጭሚቴን ማሸት ጀመረ፤ አላመመኝም። አውራ ጣቱ ወደ ፊት ወረደ፣ ወረደ፣ ያቺ ነጥብ ላይ ደረሰ። ነዘረኝ። አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል።

"እርግጠኛ ነሽ ወለምታ ነው?"

ያቺን ቅጽበት ስንት ጊዜ እንደተመለስኩባት እግዜር ይወቅ። "አዎ፣ አባዬ" አልኩት።

ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ተረከዜን በአንድ እጁ፣ ጣቶቼን በሌላው ያዘና ሳብ አድርጎ አጣመመው።

ቋ አለ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚለው። እኔ ብቻ የሰማሁት መስሎኝ ነበር፤ ቀና ስል ግን የሁሉም አፍ ተከፍቷል። ጩኸቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እማዬ ከጓዳ "ልጄን! ልጄን!" እያለች ወጣች። አባዬ በዘይት የወዙ እጆቹን አየር ላይ ሰቅሎ፣ እንደ ተማረከ ሰው፣ ያየኛል። እኔን ያስደነገጠኝ ሕመሙ ብቻ አልነበረም። አባቴ ሲፈራ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሐኪም ቤት ፀጉሯ የሸበተ ዶክተር ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለችው። አባዬ ለሱቅ የምትበቃው ስዋሂሊ ነበረችው እንጂ የሐኪም እንግሊዝኛ አይገባውም፣ እማዬም እንደዚያው፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ዶክተሯ በእስክሪብቶዋ አጥንቷን አሳየችኝ። "ይሄ ጭጋግ የሚመስለው ይታይሻል? አጥንትሽ ራሱን ሊጠግን ሲታገል ነበር። ይህች አጥንት ዛሬ ከመጎተቷ በፊት ተሰንጥቃ ነበር። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?"

"ከሦስት ሳምንት" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"አጥንት እንደ ሰው ይደክማል፣ ልጄ። ስትሮጪ ይጎዳል፣ ስታርፊ ይጠግናል። አንቺ ዕረፍቱን ነፈግሽው። ስንጥቁ ላይ ማሸትና መጎተት ሲጨመርበት ጊዜ ለየለት።"

"ምን አለች?" አለ አባዬ።

ምን እንዳልኩት ልንገራችሁ? "ሲጎተት ነው የተሰበረው ትላለች" አልኩት። ይኸው ነው። የቀረውን ሁሉ ዋጥኩት። እማዬ አጠገቤ ቆማለች፣ ጫማዬ ታየኝ፣ ገንዳው ታየኝ። አባዬ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ "ደግማ ትሮጥ እንደሆነ ጠይቂያት" አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ዶክተሯ ከታገሠች ትሮጣለች አለች፤ ይቺን በደንብ አድርጌ ተረጎምኩለት።

ስድስት ሳምንት በጀሶ ተቀመጥኩ። ማጣሪያው አለፈኝ። ምዋሊሙ ሙዝ ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ፤ "ፖሌ ሳና"፣ "አይዞሽ" ብሎ ሶፋው ላይ ተቀመጠና ጠዋት ጠዋት በአስፋልት እሮጥ እንደነበር ሳልነግረው ከጫማዬ ሶል አወቀ። አልተቆጣኝም። ጀሶው ሲወጣ እግሬ የሌላ ሰው መስሎ ቀጥኖ፣ ቆዳው ተቀርፎ ስደነግጥ ያስጀመረኝም እሱ ነው። መጀመሪያ መራመድ ብቻ። ቀጥሎ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ ርምጃ፣ እሱም በሣር ላይ። ጠዋት ስነሳ ያቺን ነጥብ በጣቴ እጫናለሁ፤ ካመመችኝ የዚያን ቀን ሩጫ የለም። ብዙ ቀን አልቅሼ ተቀምጫለሁ። በዓመቱ ግን ሮጥኩ፣ ለቡድኑም አለፍኩ። አራተኛ ወጥቼ!

አባዬ ግን የካምፎሩን ጠርሙስ ከዚያች እሁድ በኋላ አልነካውም። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ሲመጡ "እጄ ደክሟል፣ ሐኪም ቤት ሂዱ" ይላቸዋል። ቀስ በቀስ እሁዳችን ጭር አለ። እማዬ አንድ ቀን ሳህን እያጠበች "አንቺስ ዳንሽ፣ እሱ ነው ያልዳነው" አለችኝ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ሲባል ሰምቼ ነበር። የኔው ግን እያደር ከበደኝ። ስንቴ ልነግረው ተነስቼ ስንቴ ተመለስኩ!

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ፊልሙን ይዤ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ዕቃው ሁሉ ካርቶን ገብቶ አባዬ የቀረችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጧል። እግሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

"አባዬ፣ ማታቱ አልነበረም። ሩጫው ነው። ሦስት ሳምንት ደብቄህ ነበር፣ አንተ ከመንካትህ በፊት ተሰንጥቆ ነበር። ዶክተሯም ይህንኑ ነው ያለችው፣ እኔ ነኝ ያልነገርኩህ" አልኩ፣ በአንድ ትንፋሽ።

"አውቃለሁ" አለ።

ምን? እሱ ፊልሙን ከእጄ ወስዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። "ወለም ያለ እግር ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል። ያንቺ አላበጠም። አውራ ጣቴ ሲነካው አጥንት መሆኑን አወቅሁ። ለዚህ እኮ ነው የጠየቅኩሽ።"

"ታዲያ ለምን ጎተትከው?" ጮህኩበት፣ ይቅር በሉኝ። "ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ስቃጠል!"

"ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር" አለ። "ሁለት ደቂቃ ይበቃል ብያለሁ። «ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ሐኪም ቤት ውሰዷት» ለማለት አፈርኩ። አንቺ አዎ ስትይኝ ደስ አለኝ፣ ልጄ። አንቺን አምኜ አይደለም። ማመካኛ አገኘሁ።"

ከውጭ አንድ ትንሽ አውሮፕላን እያጓራ አለፈ። መናደድ ፈልጌ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ እጆቹን ሳይ ግን አቃተኝ። አርጅተዋል፣ ፊልሙ ላይ ተጋድመዋል።

ጫማዬን አወለቅሁ፣ ካልሲዬንም። ካርቶን ላይ ተቀምጬ ቀኝ እግሬን ጭኑ ላይ አሳረፍኩ። እጆቹን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

"ተይ እንጂ" አለኝ።

"እሸኝ፣ አባዬ።"

ፊልሙን መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ አውራ ጣቱን እግሬ ላይ አደረገና ሳይጫን፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ እያለ ወደ ጣቶቼ ወረደ። ስብራቱ የገጠመበት ቦታ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጉብታ አለች፤ ከውጭ አትታይም። እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እዚህ ጋ ነው" አለ።

"ኧረ እዚያው ጋ ነው፣ አባዬ" አልኩት።