የአቦ ዕለት የታጨደው ገብስ

ከደሴ የተነሳሁት በጥቅምት አቦ ዋዜማ ጠዋት ነው። ከወልድያ በላይ ባለው ደጋ ውርጭ ያለወትሮው ቀድሞ ወርዶ ገብሱን መታው የሚል ወሬ በስልክ ደርሶኝ ስለነበር፣ በዓይኔ አይቼ ለመጻፍ ነበር የሄድኩት። ውርጭ ለደጋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ግን እህሉ ታጭዶ ነዶ ከሆነ በኋላ ነው። ጥቅምት መግቢያ ላይ ገብሱ ገና እሸት ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ሚኒባሱ ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ውርጌሳ ሲደርስ ንፋሱ መንገዱን አቋርጦ አቧራና ገለባ ይነዳ ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ማሽላ ወደ አንድ ወገን ተጋድሟል። ሻይ ለመጠጣት የወረድነው ተሳፋሪዎች ብርጭቆውን በሁለት እጃችን ይዘን ቆምን። ሹፌሩ፣ “በዚህ መንገድ ስመላለስ ስንት ዓመቴ፣ ውርጌሳ ላይ መስኮት ዘግቼ ስነዳ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው” አለ።

መርሳ

መርሳ በሙቀቷና በፍራፍሬዋ ነው የምትታወቀው። ያን ዕለት ግን ፓፓያ የሚሸጡት ሴቶች ጋቢ ደርበው ነበር የተቀመጡት፤ ከኋላቸው ያለው የሙዝ ተክል ቅጠሉ በንፋስ ተተልትሏል። እዚያ ጎኔ መጥቶ የተቀመጠው ሰውዬ በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር። ረዳቱ ጆንያውን ነካ አድርጎ እጁን መለስ አደረገ።

“ጋሼ፣ ይሄ ማጭድ ነው እንዴ? ሰው ልታጭድልን ነው?”

“አንተን እጀምርሃለሁ፤ ዝም ብለህ ከመቀመጫው ሥር አስገባው።”

ሰይድ ይባላል፤ የመርሳ ገበሬ ነው። የሚሄደው እኔ ወደምሄድበት ደጋ፣ የሺ የምትባል ሴት ዘንድ ነበር። የሺ ባሏ የሞተባት ክርስቲያን ናት። ሰይድ ከባሏ ጋር ለብዙ ዓመት መቀናጆ ነበሩ፤ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ስላላቸው አቀናጅተው ነው የሚያርሱት። ደጋው ቀድሞ ስለሚታረስ የሰይድ በሬ ወደ ላይ ይወጣል፤ የቆላው ተራ ሲደርስ ደግሞ የየሺ በሬ ወደ መርሳ ይወርዳል። ባልየው ከሞተ በኋላም መቀናጆው አልፈረሰም።

“የላይኛው ማሳዋ ተቃጥሏል” አለኝ። “የታችኛው ቀርቷል። ነገ ካልታጨደ እሱም አይተርፍም። ነገ ደግሞ አቦ ነው፤ እነሱ ማጭድ አይነኩም።”

“አንተስ?”

“እኔ አቦን አከብራለሁ። ግን በዓሌ አይደለም። ሁለት ጎረቤቶቼም ነገ በጠዋት ይመጣሉ፣ ኢንሻአላህ።”

ከወልድያ ወደ ላይ

ወልድያ በባጃጅ ወደ መናኸሪያው ሄደን የጋሸናን መንገድ የሚይዝ መኪና ፈለግን። ታሪፉ ጨምሯል። ተሳፋሪዎች ሲያጉረመርሙ ረዳቱ፣ “ብርዱንም ጭነን ነው የምንወጣው” ብሎ አሳቃቸው። ድልብን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ሳቁ ቆመ። በመታጠፊያዎቹ ላይ ንፋሱ መኪናውን ወደ ጎን ይገፋው ነበር። በመንገዱ ቦይ ውስጥ የትናንቱ በረዶ ሳይቀልጥ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ ጥላ ባለበት ሁሉ እንደ ጨው ክምር ይታያል።

የሺ ዋናው መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነጠላዋን በወገቧ ያሰረች ሴት ናት። ሰይድን ከሳመችው በኋላ፣ “ጋዜጠኛውንስ ለምን አመጣኸው? ማጨድ ይችላል?” አለችው።

“እሱ ራሱ ነው የመጣው።”

የላይኛውን ማሳ አሳየችን። ከሩቅ የደረሰ ይመስላል፤ ነጣ ብሎ ቆሟል። ቀርበን ዛላውን ስናሸው ከጣታችን መካከል ባዶ ገለባ በነነ። ወደ ታችኛው ወረድን። እዚያ ዛላው ገና አረንጓዴ ቢሆንም ፍሬው ከወተት አልፎ ጠጠር ብሏል። የሺ አንዱን በጥርሷ ሰብራ አሳየችኝ።

“ይሄ ዛሬ ቢታጨድ ነዶው ላይ እንዳለ ይደርቃል። ይኮሰምናል፣ ግን ይበላል። ውርጭ ካገኘው ግን አየኸው የላይኛውን።”

ታዲያ ዛሬ ለምን አላጨድሽም አልኳት። እስከ ቀትር ብቻዋን ስታጭድ እንደነበር ነገረችኝ፤ የማሳው ጠርዝ ላይ ጥቂት ነዶ ቆሟል። ጎረቤቱ ሁሉ የራሱን ለማትረፍ ተበታትኖ ደቦ የሚወጣ ሰው አልነበረም። አሁን ደግሞ የዋዜማው ደወል ተደውሏል።

በዚያ አገር የአቦን ዕለት ማጨድ የግል ጉዳይ አይደለም። አንድ ሰው በዓል ከሻረ በረዶ የሚወርደው በሁሉም ማሳ ላይ ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ሁሉም የሁሉንም እጅ ይጠብቃል።

“ንፋሱ እንዳይቆም ጸልዩ” አለች የሺ ወደ ቤት ስንገባ። “ንፋስ እያለ ውርጭ አይወድቅም። ሰማዩ ጠርቶ ንፋሱ ዝም ሲል ነው የሚመታን።”

የአቦ ዕለት

ንፋሱ አልቆመም፤ የታችኛው ማሳ በደህና አደረ። የሰይድ ጎረቤቶች ረፋዱ ላይ ደረሱ። ቅዳሴ እስኪወጣ ማሳው ዳር ቆመው ጠበቁ፤ ሰው ሳያውቅ መጀመር ሰይድ አልፈለገም። ምዕመናኑ ሲወጡ የየሺ ንስሐ አባት አባ ተገኘ ከነተከታዮቻቸው ቀጥታ ወደ ማሳው መጡ። አባ ተገኘ ራሳቸውም ገበሬ ናቸው፤ ገብሳቸው ከየሺ ማሳ ቀጥሎ ቆሟል።

“ሰይድ፣ እንኳን ደህና መጣህ። በማጭድ ነው የምትጠይቀን?”

“አባ፣ እርስዎ ካልፈቀዱ አልነካም። ግን እኔ እስላም ነኝ። አቦ በእኔ ይቆጣሉ?”

“እጁ የአንተ ነው። ገብሱ የማን ነው? በእሷ ማሳ፣ በእሷ ጥሪ የሚታጨድ የእሷ ሥራ ነው።”

ሰው አጉተመተመ። አያሌው የሚባል ጎረቤት ወደ እኔ ዞሮ፣ “ጋዜጠኛው ምን ትላለህ?” አለኝ። እኔም ክርስቲያን ነኝ አልኩት። “እንግዲያማ ጻፍ፤ መጻፍ በአቦ አልተከለከለም!” ጥቂቶች ሳቁ።

የሺ አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካክላ አባ ተገኘ ፊት ቆመች።

“አባ፣ ገብሱን ለሰይድ ሰጥቼዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የእሱ ነው። እናንተ ምስክር ናችሁ።”

“ከነገ ጀምሮስ?” አለ አያሌው።

“ነገም የእሱ ነው።”

አባ ተገኘ ወደ እሷ ቀረብ አሉ። “የሺ፣ በሰው ፊት የተሰጠ መልሶ አይወሰድም። የላይኛው ማሳሽ ሄዷል። ይሄንን ሰጥተሽ ልጆችሽ ምን ይበላሉ?”

“ዛሬ ካልታጨደም የሚበሉት የላቸውም።”

“አንተስ ተቀብለሃል?”

ሰይድ የሺን፣ ከዚያ ማሳውን አየ። “ተቀብያለሁ” አለ።

“እንግዲህ የራሱን ይጨድ። ክርስቲያን ግን ነዶውን አይንካ፤ አንቺም።”

አያሌው እየሳቀ ሰይድ ላይ ጮኸ፤ “የእኔንም ሰጥቼሃለሁ፣ ውሰደኝ!”

“እጄ ስንት ነው፣ አያሌው?” ሰይድ ጎንበስ ብሎ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ሳቅ አልነበረም። ሦስቱ ሰዎች ቀና ሳይሉ ሲያጭዱ፣ የመንደሩ ሰው በዓሉን አክብሮ የየራሱ ማሳ ዳር ተቀመጠ። የሺ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ደብቃ ነበር። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ላላ አለ። ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ የባሕር ዛፉ ጫፍ መወዛወዙን ተወ። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ

ጠዋት በሩ ላይ ያለው የባልዲ ውሃ በረዶ ሠርቶ ነበር፤ የሺ በድንጋይ ሰበረችው። ሜዳው ነጭ ሆኗል፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ሰይድና ጎረቤቶቹ የማሳውን ግማሽ አልፈው ነበር ያጨዱት፤ ነዶው ላዩ ብቻ ነጥቶ ቆሟል። ያልታጨደው፣ የአባ ተገኘም፣ የአያሌውም፣ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። ፀሐይ ስታገኘው ጠቆረ፤ ከዚያ ቀስ እያለ መንጣት ጀመረ።

አንዲት ሴት ከአጥሯ ማዶ፣ “አቦ ናቸው፣ እጃቸውን አሳዩን!” አለች።  አያሌው አልፎን ሲሄድ ሰላም አላለንም።

አባ ተገኘ መጡ። ነዶውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

“ዛሬ በዓል የለም። አንዱን ማጭድ አውሰኝ። ገለባውን ለከብት ላንሳው።”

ሰይድ ማጭዱን ሰጥቷቸው ሌላውን አንስቶ ተከተላቸው። ቀትር እስኪሆን የአባ ተገኘን ባዶ ገብስ አብረው አጨዱ። ሲመለስ የሺን፣ “እታለም፣ ገብሴን በአደራ አንቺ ዘንድ አስቀምጣለሁ” አላት። “ስትፈልጊ ፍጪው።”

“የሰው ነው። ሳልጠይቅህ አልነካም።”

“እንግዲያው በየቀኑ ደውይልኝ።”

መመለስ

የየሺ በሬ በቂ መኖ ስለሌለው ከሰይድ ጎረቤቶች ጋር በእግሩ ወደ መርሳ ወረደ። እኔና ሰይድ በመኪና ነበርን። ከወልድያ ወጥተን መርሳ ልንደርስ ስንል የሰይድ ስልክ ጮኸ። አባ ተገኘ ናቸው፤ ድምፃቸው እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማል።

“ሰይድ፣ ለዘር የሚሆን ትንሽ ልለምንህ ነው። የሺን ብጠይቃት ‘የሰው ነው’ አለችኝ።”



“አባ፣ ለመብል ከሆነ ዛሬውኑ ይውሰዱ፤ እኔ ፈቅጃለሁ ይበሏት። ግን እሸቱን ነው ያጨድኩት። ቢዘሩትም አይበቅልልዎትም። እርስዎም ያውቁታል።”

“አውቀዋለሁ” አሉ አባ ተገኘ። “ምናልባት ብዬ ነው።”

መርሳ ሲደርስ ማጭዶቹን ይዞ ወረደ። እኔ ሲመሽ ደሴ ገባሁ። ወደዚያ የሄድኩት ምን ያህል እህል እንደጠፋ ልጠይቅ ነበር፤ ሁልጊዜም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ተረፈ የተባለው እህል ለምን ያህል ጊዜና ለምን ጥቅም እንደሚሆን ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን ከሁሉ በፊት የምጽፈው እሱን ነው፦ በዚያ መንደር በየሺ ቤት የሚበላ ገብስ አለ፤ የሚዘራ ገብስ ግን በማንም ቤት የለም።