ወንዛዬ ስንሄድ ያላነበብሁላት መስመር

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ታናሽ እህቴ አለሚቱ ትርፍ አንጀት ታማ፣ ተቀድዳ ከሆስፒታል በወጣች በስድስተኛው ቀን ከወረታ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ይዣት ተነሣሁ። ዓምና ጉልበቴን ያሻለኝ ውኃ ቁስሏንም ያደርቅላታል ብዬ ነው።

«ከሆስፒታል የሰጡን ወረቀት ምን ይላል፣ እታለም?» አለችኝ ሚኒባስ ውስጥ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እኔም ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ከወንድሞቼ ደብተር ለቃቅሜ ነው ማንበብ የቻልሁት። የሰፈሩ ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

«ክኒንሽን ዋጪ፣ ከባድ አታንሺ ይላል።»

«ቁስሉን ውኃ አታስነኩ፤ ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ መግል ቢይዝ ወይም ቢያተኩሳት ቶሎ ተመለሱ» የሚለውን ዘለልሁት። ጉዞው እንዳይቀርብኝ!

እስከ ሐሙሲት

የፎገራ ሜዳ ሩዙ እየታጨደ ነበር። አጫጆቹን እያሳየሁ ወሬ ስጠርቅላት ሆዷን ይዛ «ተይ አታስቂኝ፣ ስፌቴ ይፈታል!» ትላለች። ሐሙሲት ሽሮ አዘዝን፤ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ተወችው። እጇ ይፋጃል። «ፀሐዩ ነው» አልኋት። ከዚያ በባጃጅ ስንሄድ፣ መንገዱ ባነጠራት ቁጥር ጎኗን ትጨብጣለች።

ወንዛዬ

ሁለት ቀን ታጠበች። ስፌቱ በርበሬ መሰለ፤ መግልም ያዘ። «ክፉው እየወጣልሽ ነው» አልኋት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በዚያ ፍል ውኃ ዳር ተቀምጣ በብርድ ተንቀጠቀጠች። ወገባቸውን ሊታጠቡ የመጡ አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ገለጥ አደረጉ።

«ውይ በሞትሁት! ይህ እኮ የሐኪም ቁስል ነው። ውኃ አይንካው አላሏችሁም?»

«ብለዋል፣ እማማ። ወረቀቱ ላይ አለ» አልኋቸው።

አለሚቱ ቀና ብላ አየችኝ።

መልስ

መኪና ተኮናትረን ወደ ቀደዷት ሆስፒታል ተመለስን። ስፌቱን ከፍተው መግሉን አጠቡ፤ ዘጠኝ ቀን በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጧት። ሐኪሙ «ትኩሳቱ የጀመራት ዕለት ብትመጡ ይህ ሁሉ ባልመጣ» ሲለኝ የማየው መሬት መሬቱን ነበር። መግል የክፉ ደም መውጫ አይደለም፤ ወደ ሐኪም ተመለሱ ማለት ነው። እኔ ግን ይህን የተማርሁት በእህቴ ሆድ ነው፤ ያውም ተጽፎ በእጄ እያለ።

ወረታ ገብታ ቁስሏ እንደ ደረቀ አለሚቱ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። ዛሬ የቀጠሮ ወረቀቷን በጣቷ እየተከተለች ራሷ ታነባለች። ከዚያ ወዲህ «አንብቢልኝ» ብላኝ አታውቅም።