ሁለት ድንች፣ አንድ ቃሪያ

የያዙኝ ልደታ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ጫማ ሳስጠርግ ነው። ሊስትሮው አንደኛውን ጫማ ጨርሶ ሁለተኛውን ሊጀምር ሲል ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አጠገቤ ቆመው ለትንሽ ጥያቄ እንደምፈለግ ነገሩኝ። ሌላኛው ጫማ እስኪጠረግ እንዲጠብቁኝ ለመንኳቸው። «አጭር ጥያቄ ነው፣ ተመልሰህ ታስጠርገዋለህ» አሉኝ። የቀበሌው እስር ቤት የገባሁት አንድ እግሬ እያብለጨለጨ፣ አንዱ አቧራ እንደለበሰ ነው። አጭሩ ጥያቄ ከዓመት በላይ ፈጀ።

ክፍሏ ከአንድ የተወረሰ ግቢ ጓሮ ያለች ዕቃ ቤት ነበረች። የድሮዎቹ ባለቤቶች በርበሬ ያስቀምጡባት ስለነበር ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም። በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ ማስነጠስ ጀመርኩ፤ ማቆምም አቃተኝ። ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው «ይማርህ» አለኝ። እስር ቤት ውስጥ የተነገረኝ የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ይማርህ ያሉኝ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። አብነት ላይ የምስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ነበራቸው፤ ዕቃ ደብቀዋል ተብለው ነው የታሰሩት። ደረታቸውን ስለሚያማቸው የሚተኙት በሩ ሥር ነበር፤ አየር የምትገባው በበሩና በመሬቱ መካከል ባለችው ክፍተት ብቻ ነው። የክፍሉ ደንብ ደግሞ የታወቀ ነበር፤ አዲስ ገቢ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ይጀምራል፣ ሰው በወጣ ቁጥር ወደ በሩ ይጠጋል። እኔ ከገባሁ በኋላ የወጣም የገባም ስለሌለ ባልዲው ቋሚ ጎረቤቴ ሆነ።

ይዤ የገባሁት ብቸኛ ንብረት አንድ ወሬ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ለአፍሪካ ዋንጫ አልፎ ሊቢያ ሊሄድ ነው። ስነግራቸው የክፍሉ ሰው ሁሉ ከተጋደመበት ተነሣ። ጋሼ ብቻ አልተነሡም።

«ከምድቡ አያልፉም» አሉ።

ኳስ የማይወዱ መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደገባኝ ግን ከሁላችንም በላይ በኳስ የተቃጠሉት እሳቸው ናቸው። ዋንጫውን የወሰድን ቀን ስታዲየም ነበሩ። ከዚያ ወዲህም ቡድኑ እየወረደ ሲሄድ አብረውት ወርደዋል። ውድድሩ እዚሁ አዲስ አበባ ተዘጋጅቶ በገዛ ሜዳችን ከምድባችን ሳናልፍ ስንቀር ከስታዲየም አብነት ድረስ በእግራቸው እያለቀሱ ነው የሄዱት።

«ቤትህ ድግስ ደግሰህ፣ እንግዳው በልቶ ሲጠግብ አንተ ጦምህን አድረህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ዘንድሮ ግን ይለያል ጋሼ።»

«ዘንድሮ ይለያል ያልተባለበት ዓመት የለም» አሉ።

ወጣት ነበርኩና እልህ ያዘኝ። እንወራረድ አልኳቸው። በምን ብለው ሳቁብኝ፤ ሁለታችንም ኪሳችን ባዶ ነው። «በመኝታ» አልኩ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ካሸነፍን እኔ በሩ ሥር፣ እሳቸው ባልዲው ጋ። ከተሸነፍን ደግሞ አዲስ ሰው ቢገባም እኔ ከባልዲው ንቅንቅ አልልም። ትንሽ አሳላቸው፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሳሉ ትንሽ ከነከነኝ፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ እያየ ነበርና ጨበጥኳቸው።

ችግሩ ውጤቱን ማን ይነግረናል ነው። ሬዲዮም ጋዜጣም ክልክል ነው። ያለችን እናቴ ብቻ ናት። እሑድ እሑድ በሽቦው አጥር በኩል ለአፍታ ከቤተሰብ ያገናኙናል። ጥበቃው ከሌላ ሰው ጋር ሲጨቃጨቅ ጠብቄ፣ በጨዋታው ማግስት እኛ ላገባነው ጎል እንቁላል፣ ለገባብን ቃሪያ እንድትልክልኝ በሹክሹክታ ነገርኳት።

«በሁዳዴ እንቁላል?» አለች እናቴ። «እዚህ ገብተህ ጭራሽ ሃይማኖትህንም ልትተው ነው?»

በድንች ተስማማን። አንድ ጎል፣ አንድ ቅቅል ድንች። እናቴ ኳስን በሩቁ ነው የምታውቀው፤ ውጤቱን ከጎረቤት ሬዲዮ ልትሰማልኝ ቃል ገባች።

በጨዋታው ማግስት ጠዋት ጋሼን ወደ ቢሮ ጠሯቸው። የተጠራ ሰው ላይመለስ ይችላል፤ እስኪመለሱ ዓይናችን ከበሩ አልተነቀለም። ሲመለሱ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

«ምን አሉዎት ጋሼ?»

«ያው የምስማሩ ጉዳይ ነው» አሉ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኔ ገባ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ወረቀት እንዳይደበቅበት እያለ ድንቹን ሁሉ በቢላ ይከታትፈዋል፤ ይህን ከነጭራሹ ረስቼው ነበር። ሳህኑ ውስጥ ስድስት ቁራጭ ድንችና የተዘረጠጠ ቃሪያ አገኘን።

«ስድስት አገባን ማለት ነው?» አለ አንድ አስተማሪ እስረኛ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ጋሼ «የእኛ ልጆች በልምምድም ስድስት አያገቡም» አሉ።

ከዚያ ሁላችንም ሳህኑን ከበን ቁራጮቹን መገጣጠም ያዝን። ልጣጭ ከልጣጭ እያስተያየን፣ አንዱ ሲያስገባ ሌላው ሲያወጣ፣ ብዙ ተከራክረን ሁለት ሙሉ ድንች ወጣልን። ቃሪያው የተቆጠረው በጭራው ነው፤ አንድ ብቻ። ሁለት ለአንድ አሸንፈናል።

መጮኽ ያስገርፋል። ስለዚህ ብርድ ልብስ ነክሰን ነው የጨፈርነው። አስተማሪው ተቀምጦ እስክስታ ወረደ። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም፤ ሳቄን ስውጠው ጎድኔን አመመኝ። ጋሼ እያንዳንዳችንን በየተራ እያዩ ፈገግ አሉ። ድንቹን ለሁሉም በትንሽ በትንሹ አካፈሉ። ከዚያ ሰሌናቸውን ጠቅልለው ወደ ባልዲው ሄዱ።

በሩ ሥር አየሩ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነበር፤ ግን አልተመቸኝም። ከባልዲው በኩል ሳላቸው እየባሰ ሄደ። ይመለሱ ብዬ ለመንኳቸው። «ቡድኑ አሸንፏል፣ እኔ ተሸንፌአለሁ፤ ተኛ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

እሑድ እናቴን በአጥሩ በኩል ሳያት ገና ከሩቅ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። አንገቷን ደፋች።

«ሦስት ለባዶ ነው የተሸነፉት ልጄ» አለች። «ሦስት ቃሪያ አዘጋጅቼ ነበር። ሳየው አንጀቴ አልቻለም። የታሰረ ልጄ ቃሪያ ብቻ ይብላ? ድንች አደረግሁበት።»

«ታዲያ አንዷ ቃሪያ ምንድን ናት?»

«ጾም አይደል? ጭልጥ አድርጌ ላለመዋሸት ነው።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ በቀጥታ ወደ ጋሼ ሄድኩ። መሸነፋችንን ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ያን ቀን ቢሮ ሲጠሩኝ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር።»

«ድንቹ ሳይመጣ?»

«ሳይመጣ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ደረትዎን እያመመዎት?»

«ስንት ዓመት ሙሉ ሲሸነፉ ኖሬአለሁ» አሉ። «አንድ ቀን እኔም ላሸንፍ ብዬ ነው። ደግሞ የእናንተን ሁኔታ አይቼ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ?»

ሰሌናቸውን አንሥቼ በሩ ሥር ዘረጋሁ፤ የእኔን ባልዲው ጋ መለስኩ። አልተከራከሩኝም። እየተጋደሙ «እናትህን አመስግንልኝ» አሉ፣ «ሊቢያ ድረስ ከሄዱት ሁሉ ለእኛ ያገባችው እሷ ናት።» እውነታቸውን ነው። በቀሩት ጨዋታዎችም ድንች የሚያስቀቅል ጎል አልተገኘም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ጥበቃው በሩን ከፍቶ ጋሼን ዕቃዎን ይዘው ይውጡ አላቸው። ይህ ቃል ወደ ቤት ማለት ሊሆን ይችላል። ተጠርተው የት እንደደረሱ ያልታወቁ ሰዎችም በዚሁ ቃል ነው የወጡት። የት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጋሼ ጋቢያቸውን ለበሱና ጫማቸውን ፈለጉ። ጫማው ከገቡ ጀምሮ አቧራ ጠጥቶ ነጭ ሆኗል። ተንበርክኬ በሸሚዜ እጅጌ መጥረግ ጀመርኩ።

«ቶሎ በሉ» አለ ጥበቃው።

«አንድ ይቀራል» አልኩት።

አየኝ፤ ጫማውንም አየ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ ብቻ ሁለተኛውን እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀ። ጋሼ ሁለቱም ጫማቸው አብለጭልጮ ወጡ።

ያን ቀን በሩ ሥር ማንም አልተኛም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሳህኔ ሲገባ ከሽሮው ጎን የተቆራረጠ ድንች ነበረበት። ውድድሩ ካለቀ ቆይቷል፤ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም። አስተማሪው ቀስ ብሎ ቁራጮቹን ገጣጠማቸው። ሁለት ድንች ናቸው፤ ቃሪያ የለም። እናቴን ራሳቸው ሄደው አመስግነዋታል ማለት ነው፤ ጋሼ ቤታቸው ገብተዋል። ያን ቀን ብርድ ልብሱን መጀመሪያ የነከስኩት እኔ ነኝ፤ እያለቀስኩ ነበር።

ዛሬ በዚያ ግቢ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ የበርበሬው ሽታ የት እንደሄደ አላውቅም። ቡድናችን አልፎ አልፎ ለትልቅ ውድድር ሲደርስ ልጆቼን ሰብስቤ ቴሌቪዥን ፊት እቀመጣለሁ፣ ዘንድሮ ግን ይለያልም እላቸዋለሁ። ቃሪያውን እንደ ውጤቱ እየቆጠርን እንበላለን፤ አንዳንድ ጊዜ ያቃጥለናል። ሁለቱን ድንች ግን የምቀቅላቸው ጨዋታው ሳይጀመር ነው።